ፕሮጀክተር ወይስ ቴሌቪዥን? የወደደውን ፊልም ደጋግሞ ለሚያይ ሰው የቀረበ ንጽጽር

ፊልም አብዝቼ እንደማይ የሚያውቁ ወዳጆቼ ሰሞኑን ሁሉም አንድ ዓይነት ጥያቄ ይጠይቁኛል፤ «ትንሿን ፕሮጀክተር ልግዛ ወይስ ጨምሬ ቴሌቪዥን?» ይላሉ። ጥያቄው የበዛበት ምክንያት ግልጽ ነው። ብር በገበያ እንዲተመን ከተወሰነበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ከውጭ የሚገባ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ዋጋ ስለናረ፣ በቴሌቪዥኑ ዋጋ ሩብ ገደማ የሚሸጥና «ግድግዳህን ሲኒማ ቤት ያደርግልሃል» የሚባልለት ዕቃ ዓይን መሳቡ አይቀርም። መልሴን አስቀድሜ ልናገር። ፊልምን አንድ ጊዜ አይቶ የሚረሳ ሳይሆን የወደደውን መልሶ መላልሶ የሚያይ ሰው ቴሌቪዥን ይግዛ፤ ገንዘቡ ካልደረሰውም አነስ ያለውን ቴሌቪዥን ይግዛ እንጂ ወደ ርካሹ ፕሮጀክተር አይሂድ።

በዋጋው እንጀምር። መርካቶና መገናኛ ያሉ ሱቆችን ዞሬ ስጠይቅ ለትንንሾቹ ፕሮጀክተሮች የተጠራልኝ ዋጋ ከ10 ሺህ እስከ 14 ሺህ ብር ሲሆን፣ ስሙ የታወቀ ባለ 43 ኢንች ቴሌቪዥን ደግሞ ከ40 ሺህ እስከ 52 ሺህ ብር ተብሎልኛል። በዚህ ስሌት ፕሮጀክተሩን በ12 ሺህ ብር የገዛ ሰው ቢያንስ 28 ሺህ ብር ያተረፈ ይመስለዋል። ነገር ግን ዕቃው ቤት ከገባ በኋላ የሚከተለውን ወጪ ሻጩ አይነግራችሁም። የሳሎን ግድግዳ አብዛኛውን ጊዜ ክሬም ወይም ቢጫማ ቀለም ስለሆነ ነጭ ሸራ ያስፈልጋል፤ ከነማቆሚያው 6 ሺህ ብር ጠይቀውኛል። የራሱ ድምፅ ከስልክ ድምፅ ብዙም ስለማይሻል ደህና ስፒከር 5 ሺህ ብር ይጨመርበታል። ቀን ለማየት ብርሃን የማያሳልፍ ወፍራም መጋረጃ የግድ ነው፤ ለአንድ ሰፊ መስኮት ከነስፌቱ 7 ሺህ ብር ተጠየቅሁ። ማስቀመጫው 1,500 ብር፣ ረጅሙ ገመድ 1,000 ብር ነው። ድምሩ 32,500 ብር ይሆናል። 28 ሺህ ብር የነበረው ልዩነት 7,500 ብር ላይ ወረደ ማለት ነው፤ ለዚያች 7,500 ብር ደግሞ ቀጥሎ የምዘረዝረውን መከራ ሁሉ መሸከም አለባችሁ። «ሸራውም መጋረጃውም ይቅርብኝ» የሚል ሰው አይጠፋም፤ እንዲህ ያለው ሰው ግን ፊልሙን እያየ ሳይሆን ፊልሙ መኖሩን እያረጋገጠ ነው።

በካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ቁጥር በተመለከተ፣ በዚህ የዋጋ ደረጃ አንዱንም ባታምኑ ይሻላል። «1080» ወይም «4ኬ» የሚለው ጽሑፍ አብዛኛውን ጊዜ መሣሪያው እንዲህ ያለውን ፋይል ተቀብሎ መክፈት ይችላል ማለት እንጂ በዚያ ጥራት ያሳያል ማለት አይደለም። ውስጡ ያለው ትንሽ መስታወት ብዙ ጊዜ 800 በ480 ነጥብ፣ ሲሻል ደግሞ 1280 በ720 ነጥብ ነው። የመጀመሪያው 384 ሺህ ነጥብ ብቻ ሲሆን እውነተኛው 1920 በ1080 ግን ከ2 ሚሊዮን በላይ ነጥብ አለው፤ የአምስተኛውን ያህል እንኳ አይሞላም። ካርቶኑን አገላብጡና «ኔቲቭ» (መሣሪያው በራሱ የሚያሳየው ጥራት) ከሚለው ቃል አጠገብ ያለውን ቁጥር ፈልጉ፤ ከሌለ አለመኖሩ ራሱ መልስ ነው።

የብርሃኑ ውሸት ከዚህም ይከፋል። የብርሃን መጠን የሚለካው በሉመን ነው። «8,000 ሉመን» እና «12,000 ሉመን» የሚል ካርቶን በየሱቁ ተደርድሯል፤ በሥርዓቱ የሚለካው ግን አንሲ የሚባለው ሉመን ነው፤ እነዚህ ዕቃዎች በዚያ መለኪያ ሲመዘኑ ባብዛኛው ከ100 እስከ 250 አካባቢ ናቸው። ይህችው ብርሃን ባለ 100 ኢንች ምስል ላይ ስትዘረጋ ከባለ 43 ኢንቹ ስክሪን ከ5 እጥፍ በላይ የሚሰፋ ቦታ መሸፈን አለባት፤ ለአንድ በር የተገዛ ቀለም ቀጥኖ ሙሉ ሳሎን ሲቀባበት የሚሆነውን አስቡት። በዚያ ላይ ፕሮጀክተር ጥቁር ቀለምን ግድግዳ ላይ ሊያሳርፍ አይችልም። ጥቁር የሚባለው ብርሃኑ ያልደረሰበት ግድግዳ ነውና፣ ርካሹ መስታወት ብርሃኑን አጥብቆ ማገድ ሲያቅተው ሌሊቱ ሁሉ አመድማ ይሆናል።

ይህ ሁሉ የቁጥር ክርክር ብቻ እንዳይመስል፣ በቅርቡ ደግሜ ያየኋቸውን ፊልሞች በሁለቱም ላይ አስተያይቻለሁ። ፕሮጀክተሩ የአክስቴ ልጅ የገዛው ባለ 11 ሺህ ብር ዕቃ ሲሆን ቴሌቪዥኑ የራሴ ባለ 43 ኢንች ነው።

በ1972 እ.ኤ.አ. የወጣው «ጎድፋዘር» ሲጀምር ፊቱን ብቻ የምናየው አንድ ሰው ከጨለማ ውስጥ ሆኖ አቤቱታውን ያሰማል፤ ካሜራው ቀስ እያለ ወደ ኋላ ሲሸሽ የማርሎን ብራንዶ ትከሻና እጅ ይገባሉ። የፎቶግራፍ ባለሙያው ጎርደን ዊሊስ መብራቱን ከላይ ያደረገው ሆን ብሎ የብራንዶ ዓይኖች በጥላ እንዲዋጡ ነው። በቴሌቪዥኑ ላይ ክፍሉ ጨለማ ሆኖ የኮቱ ጥቁርና የግድግዳው ጥቁር ይለያያሉ፤ ውጭ ወዳለው ሠርግ ስንወጣ ፀሐዩ ዓይን ይወጋል። በፕሮጀክተሩ ላይ ግን ኮቱም ግድግዳውም ወንበሩም አንድ ግራጫ ጭጋግ ሆኑ፤ ሠርጉም ከክፍሉ እምብዛም የማይደምቅ ሆነ። የፊልሙ የመጀመሪያ ግማሽ ሰዓት የተሠራው ከዚህ የጨለማና የብርሃን መፈራረቅ ነውና ይህ ከጠፋ የሚቀረው ወሬው ብቻ ነው። በነገራችን ላይ ይህ ፊልም ባየሁት ቁጥር የሚሻልብኝ ነው፤ ሁለተኛው ክፍል ይበልጠዋል ከሚሉት ጋር አልስማማም።

የ1962ቱ «ሎውረንስ ኦፍ አረቢያ» ለፕሮጀክተር የተፈጠረ ሊመስል ይችላል፤ በረሃው ሰፊ ነው፣ ብርሃኑም ብዙ ነው። እኔም በዚህ ፊልም እንኳ ፕሮጀክተሩ ያሸንፋል ብዬ ጠብቄ ነበር። ሎውረንስና መንገድ መሪው ከጉድጓዱ ዳር ሆነው ወደ አድማሱ ሲያዩ፣ በሙቀቱ ነጸብራቅ ውስጥ አንዲት ጥቁር ነጥብ ብቅ ትልና ረጅም ጊዜ ወስዳ በግመል ላይ የተቀመጠውን ዑመር ሸሪፍን ትሆናለች። የትዕይንቱ ፍርሃት ያለው ነጥቧን ከሰዎቹ እኩል በማየታችን ላይ ነው። በ800 በ480 ምስል ግን ነጥቧ የለችም። ሁለቱ ሰዎች ባዶ አሸዋ ላይ አፍጥጠው ይቆያሉ፣ ግመሉም ግማሹን መንገድ ከመጣ በኋላ ከየት እንደ መጣ ሳይታወቅ ይከሰታል። የአክስቴ ልጅ ፊልሙን ከዚያ በፊት አይቶት ስለማያውቅ «ምን እያዩ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ፤ ቴሌቪዥኑ ላይ ስደግምለት ራሱ በጣቱ ጠቆማት። ይህ ፊልም ከዕረፍቱ በኋላ ይጎተታል ብል የሚቆጡ ይኖራሉ፤ የመጀመሪያው ግማሽ ግን ወደር የለውም።

«ሰባቱ ሳሙራይ» ጥቁርና ነጭ ስለሆነ የቀለም ችግር አይነካውም ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው። ርካሽ ፕሮጀክተር ነጩን በትክክል ስለማያወጣ ምስሉ መሐል ላይ ሰማያዊ፣ ዳር ዳሩ ቢጫ ሆኖ ይታያል፤ ባለ ቀለም ፊልም የሚደብቀውን ይህን ጉድ ጥቁርና ነጭ ፊልም ያጋልጠዋል። ፊልሙ 207 ደቂቃ ስለሆነ መሣሪያው ሲግል ትኩረቱ መንሸራተቱንም አይተናል፤ በዝናቡ ውጊያ ሰዓት ከሥር የሚወጣው የትርጉም ጽሑፍ ደብዝዞ ተነሥተን ሌንሱን ማስተካከል ነበረብን። ለነገሩ እኔ ከውጊያው ይልቅ ሳሙራዮቹ አንድ በአንድ የሚሰበሰቡበትን ክፍል አስበልጣለሁ።

ድምፁን በአጭሩ ልለፈው። የኃይሌ ገሪማን «ጤዛ» በፕሮጀክተሩ ስንከፍት፣ ማቀዝቀዣው ፋን ከጆሯችን አንድ ክንድ ርቀት ላይ እያጉረመረመ የአማርኛውን ዝግ ያለ ንግግር ሁሉ አስደገመን። ፊልሙ ከጀርመን ወደ ደርግ ዘመን አዲስ አበባ፣ ከዚያም ወደ ገጠር እየተመላለሰ የሚተርክ ነውና አንድ ዓረፍተ ነገር ያመለጠው ሰው የቱ ዘመን ላይ እንዳለ ይጠፋዋል።

አሁን ሰው ሲገዛ ወደማያስበው ወደ ጥገናው ልምጣ። የርካሹ ፕሮጀክተር ሆድ ብዙውን ጊዜ ያልታሸገ ነው፤ ፋኑ አየር ሲስብ የበጋውን አቧራ አብሮ ይስበዋል፣ አቧራውም መስታወቱ ላይ አርፎ በምስሉ ላይ እንደ ተረገጠ አበባ የተድቦለቦለ ነጠብጣብ ይሆናል። የአክስቴ ልጅ ዕቃ አንድ በጋ እንኳ ሳይሞላ ይህ ደረሰበት። ቀጥሎ መሐሉ ላይ ቡናማ እድፍ ወጣ፤ ይህ ደግሞ አቧራ ሳይሆን ብርሃኑን የሚያጣራው ስስ ፕላስቲክ በሙቀት መቃጠሉ ነው። ወደ ጠጋኝ ይዘነው ስንሄድ ልጁ ፈትቶ አየና «ጋሼ፣ ይሄ ዕቃ ስም የለውም፤ ስም ለሌለው ዕቃ መለዋወጫ ከየት ላምጣልዎት?» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ከፊት የተለጠፈው ስም ከውስጡ ቦርድ ጋር የማይገናኝ፣ በሌላ ሱቅ ሌላ ስም የሚለጠፍበት ዕቃ ነው። ከሌላ ዕቃ ቆርጦ ሊያለብሰው ሞክሮ 2,500 ብር ወሰደ፤ እድፉ ሲሄድ ምስሉ አረንጓዴ ሆኖ ቀረ። የሸጠው ሱቅ ደግሞ ዋስትናው «ከመቃጠል በስተቀር» ነው አለን።

ቴሌቪዥን አይበላሽም አልልም። የእኔም ተበላሽቷል፤ ድምፁ እየተሰማ ስክሪኑ ጨለመ። ይህ በጠጋኞች ዘንድ ከሁሉ የተለመደው ብልሽት ነው፤ ከስክሪኑ ኋላ ያለው ባክላይት የሚባለው የአምፖል ረድፍ አንዱ ሲቃጠል በተከታታይ የተያያዙትን ሁሉ ይዞ ይጠፋል። ረድፉ በልኩ ተገኝቶ በ4,500 ብር ተቀየረልኝ፣ ዛሬም ይሠራል። ይሁን እንጂ እዚህም ኮፒ አለ። ከሌላ ኢንች ተቆርጦ የተቀጠለ ረድፍ ከገባ ምስሉ ላይ ደማቅ ጭረቶች ይታያሉ፤ በየአምፖሉ ላይ ካሉት ትንንሽ ሌንሶች በደንብ ያልተጣበቀው ከወደቀም ነጭ ክብ ነጠብጣብ ይወጣል። ስለዚህ ጠጋኙ ከመዝጋቱ በፊት ሙሉ ነጭ ምስል አስከፍቱትና እዩ። ባክላይቱንም ከ100 ወደ 60 አካባቢ ዝቅ አድርጋችሁ ተጠቀሙ፤ ሻጮች ሱቅ ውስጥ እንዲያብረቀርቅ የሚተዉት 100 ላይ ነው፣ ዕድሜውን የሚበላውም እሱ ነው። መብራት ሲሄድ ከሶኬቱ ነቅሎ ሲመለስ ጥቂት መታገሥም ፓወር ቦርዱን ያድናል። ስክሪኑ ራሱ ከተሰነጠቀ ግን አታስጠግኑ፤ ዋጋው ከአዲሱ ብዙ አይርቅም።

በኮፒ ረገድ ቴሌቪዥንም ንጹሕ ገበያ የለውም። የታወቀ ስም የተለጠፈበት ፎርጅድ ሞልቷል፤ በ28 ሺህ ብር «ኦሪጅናል ባለ 43» ሲሏችሁ ሜትር አውጡ። ከጥግ እስከ ጥግ 109 ሴንቲ ሜትር ካልሞላ 43 ኢንች አይደለም፤ 40 ኢንች ስክሪን በወፍራም ፍሬም ከብበው የሚሸጡ አሉ። ሲከፈት የሚወጣው ምልክት ፊት ለፊት ከተለጠፈው ስም ጋር መመሳሰሉን፣ በቅንብሩ ውስጥ የሚታየው የሞዴል ቁጥር ከጀርባው ወረቀት ጋር አንድ መሆኑን አረጋግጡ።

ያገለገለ የቢሮ ፕሮጀክተርስ? የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው፤ ብርሃኑ እውነተኛ ነውና ከትንንሾቹ አሥር እጅ ይሻላል። ነገር ግን አብዛኞቹ ለጽሑፍ ማሳያ የተሠሩ ባለ 1024 በ768 ነጥብ ስለሆኑ ሰፊ ፊልም ከላይና ከታች ባዶ ቦታ ያስቀርባቸዋል፤ አምፖሉም በሰዓት የተቆጠረ ዕድሜ አለው። አምፖሉ የቀረውን ሰዓት በቅንብሩ ውስጥ ሳታዩ ብር አታውጡ፤ በኮፒ አምፖል የተተካ ከሆነ ደግሞ ብርሃኑ በጥቂት ወራት ውስጥ ይደክማል። ስሙ የታወቀ፣ በእውነት 1080 የሆነ አዲስ ፕሮጀክተርማ ከቴሌቪዥኑ በላይ ስለሚያስወጣ ከዚህ ንጽጽር ውጭ ነው።

ርካሹ ፕሮጀክተር የሚያሸንፍበት ቦታ አለ፤ በኮንዶሚኒየም ግቢ ልጆችን ሰብስቦ ማታ ካርቱን ለማሳየት፣ ወይም በየዓመቱ ቤት ለሚቀይር ተከራይ ለዕቃ ማጓጓዝ ይቀላል። ለዚያ የሚፈልገው ሰው ከ10 ሺህ ብር በላይ አይክፈል።

15 ሺህ ብር ብቻ ያለው ሰው ጥቂት ወራት ቆጥቦ ከ20 ሺህ እስከ 25 ሺህ ብር የሚጠራውን ባለ 32 ኢንች ይግዛና ወንበሩን ያቅርብ። ለመግዛት ስትሄዱ የምታውቁትን ጨለማ ፊልም በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ፤ የፍላሹ የፋይል አደረጃጀት (ፎርማት) ፋት32 ከሆነ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ ፋይል ስለማይቀበል ኤክስፋት ወደሚባለው ፎርማት ቀይሩት። ሻጩ በራሱ ፍላሽ ያለውን የባሕርና የአበባ ቪዲዮ ሊያሳያችሁ ይጣደፋል፤ እሱ በማንኛውም ስክሪን ላይ ያምራል። ሥዕሉን አለቅጥ የሚያለሰልሰውን የእንቅስቃሴ ቅንብር አስጠፉ፤ በሰከንድ 24 ፍሬም የተቀረጸ ፊልም በእሱ ምክንያት የቴሌቪዥን ድራማ ይመስላል። ደረሰኝ ሲቆረጥላችሁም የሞዴሉና የሲሪያል ቁጥሩ በላዩ መጻፉን እዩ፤ «ቴሌቪዥን 43 ኢንች» ብቻ ተብሎ ከተጻፈ፣ ዕቃውን ይዛችሁ ብትመለሱ ከእነሱ ለመግዛታችሁ ማስረጃ የላችሁምና ሳትከፍሉ አስተካክሉት በሏቸው።