የመኪናዬ ሪሞት፣ የእጅ መፍጫዬና ሞካዬ፦ ማን ነጥብ አገኘ?

ፍርዱን መጀመሪያ ልንገራችሁ፤ ዝርዝሩን የፈለገ ይከተለኝ። የመኪናዬ ሪሞት ከአምስት ሦስት። የእጅ ቡና መፍጫዬ ከአምስት አምስት። ሞካ የምትባለዋ የአሉሚኒየም ቡና ማፍያ ከአምስት አራት። ሦስቱን አንድ ላይ ያመጣኋቸው ጠዋት ከቤት ሳልወጣ በእጄ የሚያልፉት እነሱ ስለሆኑ ነው። አንዱ ካመፀ ቀኑ ከጅምሩ ይበላሻል። ደግሞ ሦስቱም ላይ ያየሁት ነገር አንድ ነው። ሻጭ የሚያሳየን ክፍል ሌላ፣ ሥራውን የሚሠራው ክፍል ሌላ።

ከሪሞቱ ልጀምር፤ ከእሱ ጋር ብዙ ተጣልተናል።

መኪናዋን የገዛኋት ከሌላ ሰው ነው። ሪሞቱም አብሯት የመጣ ነው። ጥቁር፣ ሦስት መጫኛ ያለው፣ ጎኑ የተፋቀ። ጸባዩ አይታወቅም ነበር። አንዳንዴ ከሩቅ ጠቅ ሳደርገው ፍሬቻው ብልጭ ይላል። አንዳንዴ በሩ ስር ቆሜ እንኳ ጭጭ። አንድ መካኒክ ልጅ ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየውና «እትዬ፣ ይሄ አብቅቶለታል። ሙሉ ቁልፉን ማስቀየር ነው የሚያዋጣዎት» አለኝ። ሳይከፍተው! እኔ ደግሞ ሳይከፈት የተፈረደበት ዕቃ ያሳዝነኛል።

ቤት ገብቼ በትንሽ ካቻቢቴ ጠርዙን ፈልቀቅ አደረግኩት። ውስጡ ያለችው ባትሪ ላይ ሲአር 2025 ይላል። ክዳኑ ላይ የተቀረጸው ግን ሲአር 2032 ነው። ይሄ ቁጥር ዝም ብሎ የተጻፈ አይደለም። 20 ስፋቷ በሚሊሜትር ነው። ቀሪው ውፍረቷ ነው፤ የአንዷ 2.5፣ የሌላዋ 3.2 ሚሊሜትር። ሁለቱም 3 ቮልት ናቸው፣ ስፋታቸውም እኩል ነው። ስለዚህ ቀጭኗ የወፍራሟ ቦታ ላይ ዘና ብላ ትገባለች፤ ግን ትላወሳለች። የድሮው ባለቤት መፍትሔ አግኝቶላታል። በአራት የታጠፈ ወረቀት ከክዳኑ ስር ወትፏል። ወረቀቱ ሲላላ ሪሞቱ ይሞታል። ቦርሳዬ ውስጥ ሲጨመቅ ነፍስ ይዘራል። ጸባዩ ሁሉ ይኸው ነበር።

ትክክለኛዋን ባትሪ ገዛሁ። የምትነካቸውን የብረት ምላሶች በአልኮል ጠረግኩ፣ አንደኛውን በጥፍሬ ቀና አደረግኩት። ሪሞቱ ዳነ። ባትሪ ስትገዙ አንድ ነገር ልብ በሉ። አንዳንዶቹ ሕፃን እንዳይውጣቸው መራራ ነገር ይቀባሉ። ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ግን ቅባቱ አንዳንድ ዕቃ ላይ ንክኪውን ይከለክላል። አዲስ ባትሪ አልሠራ ካላችሁ ፊቷን ጥረጉት። አሮጌዋንም ጠረጴዛ ላይ አትተዉ። ሕፃን የዋጣት ባትሪ ጉሮሮ ላይ ከቀረች በ2 ሰዓት ውስጥ እንኳ ከባድ ቃጠሎ ታደርሳለች። ይሄ ቀልድ አይደለም።

ከዚህ በኋላ የቀሩት የሪሞቱ «በሽታዎች» በሽታ ሆነው አልተገኙም። ተሠርቶ የተሰጠው አመል ነው። ለምሳሌ ከፍቼ ዕቃ ላመጣ ወደ ቤት መለስ ስል መኪናዋ ራሷ ትቆለፋለች። ብዙ መኪኖች ከተከፈቱ በኋላ ማንም በር ካልነካ ተመልሰው ይቆለፋሉ። አንዴ ስጫን የሾፌሩ በር ብቻ፣ ሁለቴ ስጫን ሁሉም የሚከፈተውም ሆን ተብሎ ነው፤ ብቻውን የሚነዳ ሰው ሌላ ሰው በማዶ በር ዘው እንዳይልበት። መክፈቻውን ተጭናችሁ ከያዛችሁት መስታወቶቹ የሚወርዱባቸው መኪኖችም አሉ። ቦርሳ ውስጥ ሳይታወቅ ተጭኖ፣ ዝናብ ጋቢና ውስጥ ገብቶ ያገኘ ሰው ይሄን በደንብ ያውቃል። ስትቆልፉ ፍሬቻው ካልበራ ወይም ክላክሱ ካልጮኸ ደግሞ ሪሞቱን ከመስደባችሁ በፊት የኋላ ኮፈኑን ግፉት። ሳይገጥም ቀርቶ ይሆናል።

በጣም የወደድኩት ግን የኮዱን ነገር ነው። ሪሞቱ በተጫናችሁት ቁጥር አንድ ዓይነት ምልክት የሚልክ ይመስላችኋል? አይልክም። በእያንዳንዱ ጠቅታ ኮዱ ይቀየራል። መኪናዋም ቀጣዩ የቱ እንደሆነ ታሰላለች። ሌባ አጠገባችሁ ቆሞ ምልክቱን ቢቀዳው ነገ አያገለግለውም፤ ያ ኮድ አልፎበታል። ችግሩ የሚመጣው ልጅ ሪሞቱን ሳሎን ውስጥ ይዞ ሲጫወትበት ነው። መኪናዋ አትሰማም፣ ሪሞቱ ግን ቆጠራውን ይቀጥላል። ኪሎቅ በተባለው የታወቀ ዘዴ ሪሞቱ እስከ 16 ጠቅታ ቢቀድማት መኪናዋ ምንም ሳትል ትከፍታለች። ከዚያ ካለፈ ሁለት ተከታታይ ጠቅታ ትጠብቃለች፤ ሁለቱ ከተያያዙላት ቆጠራዋን ታስተካክላለች። በጣም ከራቀ ግን ሪሞቱን ከመኪናዋ ጋር እንደገና ማስተዋወቅ ግድ ነው። እንግዲህ የመጀመሪያው ጠቅታ ዝም ሲላችሁ ደግማችሁ መጫናችሁ አጉል ችኮላ አይደለም። በሳይንስ የተደገፈ ነው።

ርቀት ላይ የሚሠራ አንድ ዘዴም አለ። ሪሞቱን አገጫችሁ ስር አስጠግታችሁ ተጫኑ። ጭንቅላታችን ውስጥ ያለው ውኃ ምልክቱን ያግዘዋል፤ ትንሽ ራቅ ይላል። ባለቤቴ መጀመሪያ ሲያየኝ «አንቺ ሴትዮ፣ ሰው እያየሽ ነው!» አለኝ። አሁን እሱም ያደርገዋል፤ ዞር ዞር ብሎ አይቶ።

የገመገምኩት ሪሞት ነጥብ የተቀነሰበት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ባትሪው እየደከመ መሆኑን የሚናገርበት ምንም መብራት የለውም። ሁለተኛ፣ መጫኛዎቹ ወጣ ብለው ስለተሠሩ ቦርሳ ውስጥ ራሳቸውን ይጫናሉ። በተረፈ ጎኑ ውስጥ የተደበቀችው የብረት ቁልፍ ግሩም ናት። በተለይ ቁልፍ ሳይከቱ በመጫኛ የሚነሱ መኪኖች ያላችሁ ይቺን አሁኑኑ ፈልጋችሁ እወቋት። ባትሪው ሲሞት በሩን የምትከፍቱት በእሷ ነው። ሞተሩን ለማስነሳት ደግሞ የሞተውን ሪሞት የሞተር ማስነሻው መጫኛ ላይ ወይም መኪናው መጽሐፍ ላይ የተመለከተው ቦታ ላይ አስጠጉት። ውስጡ ያለችው ቺፕ ባትሪ አትፈልግም። ኃይሏን የምታገኘው ከመኪናው ነው፣ በቅርብ ርቀት። የእነዚህ መኪኖች ሌላው ጣጣ ሌባ የሪሞቱን ምልክት ከቤታችሁ ግድግዳ ጀርባ አጉልቶ ወደ መኪናው ማሸጋገሩ ነው። ማታ ሪሞቱን ክዳኑ ግጥም የሚል ቆርቆሮ ውስጥ አድርጉትና መኪናው አጠገብ ሆናችሁ ሞክሩት። ካልተከፈተ ቆርቆሮው ይሠራል።

ትርፍ ሪሞት ልገዛ ስል የገጠመኝንም ልናገር። ሻጩ መልኩ አንድ ስለሆነ «ይሄዳል፣ ችግር የለውም» አለ። አልሄደም። የእኔ መኪና በ433 ሜጋኸርዝ የሬዲዮ ሞገድ ነው የምትሰማው፣ የሸጠልኝ 315 ነው። አውሮፓ የሚሄዱት በአብዛኛው 433 ናቸው፣ አሜሪካና ጃፓን ደግሞ 315። ቁጥሩ ከጀርባው ተጽፎ ይገኛል፣ ካልሆነም ሪሞቱ ውስጥ ያለው የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ላይ። ገንዘቤን ለመመለስ ደግሞ ፊቱ እንዴት እንደጠቆረ!

ወደ ቡናው እንሂድ። እዚህ ላይ ሽንጤን ገትሬ የምከራከርለት ነገር አለኝ። ገንዘብ ካላችሁ መፍጫው ላይ አውጡት።

ድሮ የነበረኝ ቢላዋው የሚሽከረከር የኤሌክትሪክ መፍጫ ነው። ይጮሃል፣ ይፈጥናል፣ ግን አይፈጭም፤ ይከታትፋል። ክዳኑን ስትከፍቱ ከታች እንደ አቧራ የላመ፣ ከላይ ደግሞ ግማሽ ፍሬ ታገኛላችሁ። ይሄ ሲፈላ ልሙ ቶሎ ሁሉን ይለቅና ይመርራል። ሽርክቱ ደግሞ ገና ሳይለቅ ይቀርና ይቆመጥጣል። አንድ ሲኒ ውስጥ ምሬትና ኮምጣጣነት አብረው ሲመጡባችሁ ፍሬውን አትውቀሱ።

አዲሱ የእጅ መፍጫ ውስጡ ሁለት ሾጣጣ የብረት ጥርሶች አሉት፣ አንዱ በሌላው ውስጥ የሚዞር። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው ስለ ቀለሙና ስለ እንጨት እጀታው ነው። ስለ ጥርሱ በደቃቅ ፊደል አንድ መስመር። እኔ ግን የምከፍለው ለጥርሱ ነው። ከታች ያለችውን ቀለበት ቀጭ፣ ቀጭ እያደረጋችሁ ታዞራላችሁ። ወደ ቀኝ ከሆነ ይልማል፣ ወደ ግራ ከሆነ ይሸረከታል። ዱቄቱን መዳፌ ላይ በተን አድርጌ ሳየው ፍሬው ሁሉ እኩያ ነው። ሁለት ጣቴ መሃል ሳሸው ለሞካ የሚሆነው ከገበታ ጨው ትንሽ ይልማል። ለፍሬንች ፕሬስ፣ ማለትም የተዘፈዘፈውን ቡና ወንፊት ባለው መግፊያ ለሚያጣራው ማፍያ፣ ግን በደንብ መሸርከት አለበት፤ አለበለዚያ በወንፊቱ አልፎ ጥርስ ላይ ይቀራል።

መጥፎ ጎኑ? ክንድ ይፈልጋል። ለሁለት ሰው ደህና ነው፤ ቤት ሙሉ እንግዳ ሲመጣ ግን ተረኛ መመደብ ይሻላል። ደረቅ አየር ላይ ዱቄቱ በስታቲክ፣ ማለትም በፍትጊያ በሚፈጠር ኤሌክትሪክ፣ የመፍጫው ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ለዚህ ፍሬውን ከመክተቴ በፊት በማንኪያ ጀርባ አንዲት ጠብታ ውኃ አስነካዋለሁ፤ አብሮ ይወርዳል። ከዚያ በላይ አታርጥቡት፤ ጥርሱ ብረት ነው። በውኃም አይታጠብም፣ በደረቅ ብሩሽ ብቻ።

ሞካዋ በታወቀው የጣሊያናዊው አልፎንሶ ቢያሌቲ ቅርጽ የተሠራች ስምንት ማዕዘን ናት። ያ ቅርጽ ከ1933 ጀምሮ አለ፣ እስካሁንም ያማረ ነው። ግን ብዙ ሰው «ኤስፕሬሶ ታወጣለች» ብሎ ይገዛትና ይከፋዋል። አታወጣም። የኤስፕሬሶ ማሽን ውኃውን በ9 ባር አካባቢ ግፊት ይገፋል። ሞካ ከ1 እስከ 2 ባር ነው። የምትሰጠው ወፍራምና ጠንካራ ቡና ነው፤ ያን ካወቃችሁ ትወዷታላችሁ።

ከሞካ ጋር ስንጣላ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የእሳት ነው። ቀዝቃዛ ውኃ ሞልተን ትልቅ እሳት ላይ እንጥዳትና ውኃው እስኪሞቅ ድረስ ዱቄቱ ከላይ ሲጠበስ ይቆያል። እኔ ውኃውን ለብቻ አፍልቼ ነው ታችኛው ክፍል የምጨምረው፣ ከቫልቩ በታች ድረስ። ቫልቩን ውኃ እንዲሸፍነው አትፍቀዱ፤ እንፋሎት ቢታመቅ የሚያድናችሁ እሱ ነው። ዱቄቱን ወንፊቱ ላይ ሞልቼ በጣት ደልደል አደርገዋለሁ። አልጠቀጥቅም። በጨርቅ ይዤ አጠብቃታለሁ፣ ታችኛው ክፍል ያቃጥላላ! እሳቱ ትንሽ፣ ክዳኑ ክፍት። መጀመሪያ ጥቁር ቡናማ ነገር በቀስታ፣ እንደ ማር እየተጎተተ ይወጣል። ቀለሙ ነጣ እያለ ሲሄድና ማንኮራፋት ልትጀምር ስትል ወዲያው አወርድና ታችኛውን ክፍል ቀዝቃዛ ውኃ አስነካዋለሁ። የቀረው ውኃ ምሬት ብቻ ነው የሚያመጣው። ባለቤቴ መፍጫውና ይሄ አሠራር የገቡ ሰሞን «ፍሬውን ቀየርሽው እንዴ?» ብሎ ጠይቆኛል። ፍሬው ያው ነው።

ነጥብ የቀነስኩባት አሉሚኒየም በመሆኗ ነው። ዕቃ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ ከገባች ትጠቁራለች። ዕቃውን በማግኔት ኃይል በሚያሞቀው ኢንዳክሽን ምድጃ ላይ ደግሞ ጭራሽ አትሞቅም፤ ለእሱ ስቲሏን መግዛት ነው። መሃሏ ያለው የጎማ ቀለበት ሲደርቅም በወገቧ እንፋሎት ታፈሳለች። ያኔ ሰው አሮጌ ሆነች ብሎ ሌላ ይገዛል። የሚቀየረው ግን ቀለበቱ ነው፤ ልኩን አይታችሁ ግዙ፣ የሦስት ሲኒው ለስድስት ሲኒው አይሆንም።

ሞካ የማይወድ ሰው ካለ ፍሬንች ፕሬስ ይሞክር። ለአንድ ሊትር ውኃ 60 ግራም ገደማ ቡና፣ ውኃው ከፈላ በኋላ ትንሽ የበረደ፣ 4 ደቂቃ መቆየት። ከላይ የሚንሳፈፈውን አረፋ በማንኪያ ብታነሱለት አተላው ይቀንሳል። ግራሙን በዓይን መገመት ግን አይሆንም። በደንብ የተቆላ ፍሬ ይቀላል፣ ለስለስ ብሎ የተቆላው ይከብዳል፤ ማንኪያው አንድ ቢሆንም ሚዛኑ ይለያያል። ትንሽ ዲጂታል ሚዛን ግዙ። የእኔዋ ሚዛን በነገራችን ላይ የምትሠራው በሲአር 2032 ነው፤ ስለዚህ ባትሪ ስገዛ ሁለት ነው የምገዛው።