ቀይ ቁልፍ ስላለው ብቻ አትግዙ፦ የርካሽ ሲኤንሲ ማሽኖች የ"ኢመርጀንሲ ስቶፕ" ጉድ

ለትርፍ ጊዜ የሚሆን ትንሽ ሲኤንሲ (በኮምፒውተር ትእዛዝ የሚቆርጥ) ማሽን ልትገዙ ካሰባችሁ፣ ወይም ገዝታችሁ የመመለሻ ጊዜው ገና ካላለቀ፣ ይህችን ጽሁፍ ጨርሷት። የሻጩን ስም አልጠራም። ብጠራውም ብዙ አይጠቅማችሁም፤ ያንኑ ማሽን ነገ በሌላ ስምና በሌላ ቀለም ታገኙታላችሁ።

ነገሩ ወዲህ ነው። ማስታወቂያው "ኢመርጀንሲ ስቶፕ (የአደጋ ጊዜ ማቆሚያ) የተገጠመለት፣ ደህንነቱ የተጠበቀ" ይላል። ቁልፉስ እውነትም አለ። ትልቅ፣ ቀይ፣ ቢጫ መደብ ላይ የተቀመጠ። ስትጫኑት ቀጭ ብሎ ይቆለፋል፣ ስታዞሩት ይለቃል። ማን ይጠረጥረዋል? ብሎኖቹን ፈትቼ ውስጡን ሳየው ግን ያገኘሁት ሁለት ቀጫጭን ሽቦ ብቻ ነው። ሽቦዎቹን ስከተላቸው ማሽኑን የሚያዝዘው ኮንትሮለር ቦርድ ላይ "ሪሴት" (እንደገና አስጀምር) የሚል ፒን ላይ አረፉ። ከፓወር ሰፕላዩ ወደ ሞተር ድራይቨሮቹ (ጠረጴዛውን ለሚያንቀሳቅሱት ሞተሮች ኃይል ወደሚሰጡት) የሚሄደው ወፍራም ገመድ በዚያ ቁልፍ አጠገብ እንኳ አያልፍም። መቁረጫውን የሚያዞረው ሞተር፣ ስፒንድሉማ፣ ጭራሽ የራሱ ሶኬት አለው።

ስለዚህ ቁልፉን ስትመቱት ጠረጴዛው ይቆማል፣ መቁረጫው ግን መዞሩን ይቀጥላል። እጅጌያችሁን የሚይዘው ደግሞ ጠረጴዛው አይደለም።

ኢመርጀንሲ ስቶፕ ዝም ብሎ "ቁም" የሚል ትእዛዝ አይደለም። የማሽኖችን የኤሌክትሪክ ደህንነት የሚመለከተው አይኢሲ 60204-1 የተባለው ዓለም አቀፍ ስታንዳርድ ማቆምን በሦስት ምድብ ይከፍለዋል። ምድብ 0 ኃይሉን ወዲያው መቁረጥ ነው። ምድብ 1 መጀመሪያ በሥርዓት አቁሞ፣ ከዚያ ኃይሉን መቁረጥ ነው። በምድብ 2 ማሽኑ ይቆማል እንጂ ኃይሉ አይቋረጥም። ለአደጋ ጊዜ የሚፈቀዱት 0 እና 1 ብቻ ናቸው። አይኤስኦ 13850 ደግሞ ቁልፉ ሲለቀቅ ማሽኑ በራሱ እንዳይነሳ ያዛል። እኔ የደረሰኝ ቁልፍ ምድብ 2 ለመባል እንኳ ያንሰዋል፣ ለይስሙላ የተለጠፈ ነው።

"ኮምፒውተሩ ላይ ስቶፕ አለ አይደል?" የሚል አይጠፋም። አለ። ግን ትእዛዙ የሚሄደው በዩኤስቢ ገመድ ነው፤ ዩኤስቢ ደግሞ በስፒንድሉ የኤሌክትሪክ ረብሻ ቶሎ ይቋረጣል። አንዳንድ ፕሮግራም ላይ ያለው "ፖዝ" ደግሞ የሚያደርገው አዲስ የትእዛዝ መስመር መላክ ማቆም ብቻ ነው። በእነዚህ ማሽኖች ቦርድ ላይ የተለመደው ጂአርቢኤል የተባለው ፕሮግራም የተላከለትን አስቀድሞ ያጠራቅማል። መላኩ ቢቆምም በእጁ ያለውን እስኪጨርስ መቁረጡን ይቀጥላል።

አሁን ወደ ሻጩ እንምጣ። ቁልፉ ስፒንድሉን እንደማያቆም፣ በዚያ ላይ ከተጫንኩት በኋላ ማሽኑ ዜሮውን (ልኬት የሚጀምርበትን ቦታ) እንደሚስት ጻፍኩለት። መጀመሪያ "ሶፍትዌሩን አዘምን" አለኝ። ቀጥሎ "የእንቅስቃሴ ችግር ነው፣ የተሻሻለውን ድራይቨር በቅናሽ እንልክልሃለን" አለ። ስለ ስፒንድሉ ደግሜ ስጠይቅ ጆሮ ዳባ ልበስ። ማጭበርበሪያው እዚህ ጋ ነው፤ የገመድ አዘረጋጉን ጉድለት የእንቅስቃሴ ብልሽት ያደርገውና ሌላ ዕቃ ይሸጥላችኋል። ጂአርቢኤል በእንቅስቃሴ መሃል ሪሴት ሲደረግ አላርም 3 ያሳያል። ትርጉሙ "በድንገት ቆሜያለሁ፣ ያለሁበትን ቦታ ላምነው አልችልም" ነው። ሆሚንግ (ማሽኑ መነሻ ቦታውን ራሱ የሚፈልግበትን) ከደገማችሁ፣ ወይም ዜሮውን እንደ አዲስ ከያዛችሁ ይስተካከላል። ድራይቨሩ ምን አጠፋ?

በነገራችን ላይ ስለ "የተሻሻለው" ድራይቨርም ልብ በሉ። "ቲቢ6600" ተብለው ከሚሸጡት ብዙዎቹ ሲከፈቱ ቺፓቸው ቲቢ67ኤስ109 ነው። ቺፑ ክፉ አይደለም፣ ግን ስሙ ሌላ ነው። ሽፋኑ ላይ የተጻፈውን አምፔር እንዳለ አትመኑት።

ማሽናችሁ እውነትም ልኬት የሚስት ከሆነ ድራይቨር ከመግዛታችሁ በፊት ስህተቱ ምን ዓይነት እንደሆነ ለዩ። 100 ሚሊሜትር አዝዛችሁ 98፣ 50 አዝዛችሁ 49 ከሄደ ጥፋቱ የቅንብር ነው። በአንድ ዙር 200 እርምጃ ያለው ሞተር፣ በ1/16 ማይክሮስቴፕ (አንዱ እርምጃ ለ16 ተከፋፍሎ)፣ በአንድ ዙር 8 ሚሊሜትር በሚሄድ ሊድ ስክሩ (ጠረጴዛውን የሚገፋው ጥርስ ያለው ዘንግ) ላይ 400 እርምጃ በሚሊሜትር ይሰጣል። ስክሩው 4 ሚሊሜትር የሚሄድ ከሆነ 800 ነው። ሻጩ የላከው ቅንብር ከስክሩው ጋር የማይገጥም ከሆነ በነጻ ይስተካከላል። ስህተቱ አቅጣጫ ስትቀይሩ ብቻ፣ ሁሌም በዚያው መጠን ከመጣ በስክሩው ላይ የሚሄደው ነት መላላት ነው። በየመሃሉ እየዘለለ የሚጠራቀም ከሆነ ወይ ሞተሩ እርምጃ እየሳተ ነው፣ ወይ ካፕሊንጉ (ሞተሩንና ስክሩውን የሚያገናኘው) እየተንሸራተተ ነው።

ይህችን የመጨረሻዋን ለመለየት ማርከር ይበቃል። የሞተሩ ዘንግና ካፕሊንጉ የሚገናኙበት ላይ አንድ ቀጥ ያለ መስመር አስምሩ፤ በስክሩው በኩልም እንዲሁ። ልኬቱን የሚያስተውን ሥራ አስኪዱና ተመልሳችሁ እዩት። መስመሩ ከተሰበረ የካፕሊንጉ ትንሿ መጥበቂያ ብሎን ላልታለች። በመፍቻ ማጥበቅ ነው፣ አለቀ። መስመሩ ቀጥ እንዳለ ካገኛችሁት ወደ ሞተሩ ሂዱ፤ ፍጥነቱንና አክስለሬሽኑን ቀንሱና ድገሙት። ችግሩ ከጠፋ ማሽኑ ከአቅሙ በላይ ተቀናብሮ ነበር ማለት ነው።

ማሽኑ ሊሚት ስዊች (የመንገዱን መጨረሻ የሚጠቁም ማብሪያ) ሳይነካ በአላርም 1፣ "ስዊች ነክቻለሁ" ብሎ የሚቆምም አለ። ስፒንድሉን አጥፍታችሁ ያንኑ ሥራ ምንም ሳይቆርጥ በአየር ላይ አስኪዱት። ካልቆመ ጥፋተኛው የስፒንድሉ የኤሌክትሪክ ረብሻ ሳይሆን አይቀርም። የስዊቹን ገመድ ከስፒንድሉ ገመድ አርቁ፤ ሺልድ (የብረት መከለያ) ያለው ገመድ ተጠቀሙና ሺልዱን በአንድ ጫፍ ብቻ ግራውንድ አድርጉት።

አሁን ዋናው ፍተሻ። ማሽኑ በደረሰ ቀን አድርጉት። መቁረጫውን ከነኮሌቱ (መያዣው) እና ከነማጥበቂያው ነት አውጡ፤ የላላ ነት በዚያ ፍጥነት ሲወረወር አይታችሁት አታውቁም፣ ባታዩትም ይሻላል። ራቅ ብላችሁ ቁሙ፣ የግድግዳውን ሶኬት ለማጥፋት ዝግጁ ሁኑ። ስፒንድሉን አስነሱ፣ ጠረጴዛውን አንቀሳቅሱ፣ ቁልፉን ምቱ። ስፒንድሉ ኃይል አጥቶ ፍጥነቱ እየቀነሰ መቆም አለበት። ከዚያ ቁልፉን ልቀቁት። ምንም ነገር በራሱ ከተነሳ ማሽኑ ተመላሽ ነው።

ሞተሮቹም ኃይል ማጣት አለባቸው። ቁልፉ ተጭኖ፣ ሁሉም ከቆመ በኋላ ስክሩውን ቀስ ብላችሁ በእጅ አዙሩት። ግትር ብሎ እምቢ ካለ ኃይሉ አልተቋረጠም። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ጂአርቢኤል ሥራ ሲፈታ ሞተሮቹን በራሱ ሊለቃቸው ይችላል፤ እንዳያታልላችሁ መጀመሪያ $1=255 ብላችሁ አቀናብሩት። ያኔ ሁልጊዜ ጨብጦ ይይዛል።

ቀጥሎ ሶኬቱን ንቀሉና መልቲሜትር አውጡ። ቁልፉ ሳይጫን በሁለቱ ጫፎች መካከል መጮህ፣ ሲጫን ዝም ማለት አለበት። ኖርማሊ ክሎዝድ የሚባለው ይህ ነው። የተገላቢጦሽ ከሆነ፣ አይጥ ሽቦውን ብትበጥሰው ማሽኑ ምንም ሳይመስለው ይሠራል፤ መበጠሱን የምታውቁት ቁልፉን በፈለጋችሁት ሰዓት ነው። የቁልፉ ራስና ከጀርባው ያለው የኮንታክት ክፍል ተነጣጣይ ከሆኑ ደግሞ መያያዛቸውን ነካ አድርጋችሁ እዩ። ያ ክፍል ከወለቀ ቀዩን ቁልፍ ብትደበድቡትም ኮንታክቱ እንደተዘጋ ይቀራል።

ትክክለኛው ምን ይመስላል? ቁልፉ ኮንታክተር የሚባለውን ትልቅ የኤሌክትሪክ ማብሪያ ማጥፊያ ያጠፋል፤ ኮንታክተሩ የድራይቨሮቹንም የስፒንድሉንም ኃይል ይቆርጣል፤ ለመመለስ ሌላ የማስነሻ ቁልፍ መጫን ያስፈልጋል። የቦርዱ የራሱ ኃይል ቢቀር ችግር የለውም። ከባድ ስፒንድል የተሸከመ የዜድ አክሲስ (ወደ ላይና ወደ ታች የሚሄደው) ኃይል ሲያጣ ሊወርድ ስለሚችል ያንንም ሞክሩት። በቪኤፍዲ (የሞተሩን ፍጥነት በሚቆጣጠር መሣሪያ) የሚሠራ ስፒንድል ካላችሁ ግን በቪኤፍዲውና በሞተሩ መካከል የኃይል ማቋረጫ እንዳታስገቡ፤ ቪኤፍዲውን ሊያቃጥል ይችላል። በማኑዋሉ መሠረት ይሠራ፣ የግድግዳ ኃይል የሚነካውን ሥራ ደግሞ ለኤሌክትሪክ ባለሙያ ስጡት።

ገና ያልገዛችሁ ሻጩን አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁት፦ "ቁልፉ ሲጫን የስፒንድሉ ኃይል ይቋረጣል? የገመዱን ሥዕል ላክልኝ።" "አዎ፣ ሴፍቲ አለው" ብሎ ሥዕሉን ካልላከ እለፉት። "ሊሚት ስዊች ይቀበላል" የሚለውንም በጥንቃቄ አንብቡ፤ ብዙ ጊዜ ቦርዱ ላይ መሰኪያው አለ ማለት እንጂ ስዊቹ አብሮ ይመጣል ማለት አይደለም።

የገዛችሁ ደግሞ ፍተሻውን ሳይቋረጥ በአንድ ቪዲዮ ቅረጹ። ቁልፉም የሚዞረው ስፒንድልም በአንድ ላይ ይታዩ። ቅሬታችሁን "ማሽኑ ልኬት ይስታል" ብላችሁ አትጀምሩ፤ ወደ ድራይቨር ሽያጭ ይወስዳችኋል። "በማስታወቂያው የተጻፈው ኢመርጀንሲ ስቶፕ ስፒንድሉን አያቆምም" በሉና በዚያው ጽኑ። ከፊል ገንዘብ ልመልስ፣ ማሽኑን ያዘው ቢላችሁ ወዲያው እሺ አትበሉ፤ እሺ ካላችሁ በኋላ ሙሉውን ለመጠየቅ ብዙ ጊዜ በሩ ይዘጋል።