ብረቴን የቆረጡብኝ ጋሼ

ጎፋ አካባቢ ለሚሠሩ አንድ የቶርኖ (ብረት እያዞረ የሚቀርጽ ማሽን) ባለሙያ ምስጋና አለብኝ። ሳላስፈቅድ ስማቸውን አልጽፍም። የፈለገ በውስጥ መስመር ይጠይቀኝ፣ ስልካቸውን ጠይቄ እሰጣለሁ።

እኔ የብረት በር ነው የምሠራው። የማጠፊያ ፒን ከ16 ሚሊ ድፍን ብረት ቶርኖ ቤት አሠራለሁ። አምና ሌላ ቤት ወሰድኩ። ልጁ አንድ ሜትር ተኩሉን ብረት እንዳለ በስፒንድሉ፣ ማለትም ውስጡ ክፍት በሆነው የማሽኑ ተሽከርካሪ ዘንግ፣ ቀዳዳ አሳልፎ ቻኩ (ብረቱን ነክሶ የሚያዞረው መንጋጋ) ላይ አሰረው። ከማሽኑ ጀርባ 80 ሳንቲ ያህል ያለ ደጋፊ ወጥቶ ቀረ። ቀስ ብሎ ሲዞር ደህና ነበር። በደቂቃ ወደ 1000 ዙር ሲያደርሰው ጫፉ ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ በአንዴ ታጠፈና እንደ ቡሄ ጅራፍ ይጋረፍ ጀመር። የቆርቆሮውን ግድግዳ ቀደደው። ከባዱ ማሽን ራሱ ከቦታው ተነቃነቀ። ስልክ ተደውሎልኝ ባልወጣ ኖሮ እዚያው ጋ ነበርኩ።

ዘንድሮ ጎፋ ሦስት ሜትር ሦስት ሜትር የሆኑ ብረቶች ይዤ ሄድኩ። ጋሼ ገና ሲያዩት «አንተ ትቆርጠዋለህ ወይስ እኔ ልቁረጠው?» አሉኝ። ተከራከርኩ። በየቁራጩ ቻክ የሚነክሰው ጫፍ ይባክናላ! ብረት ዛሬ ስንት እንደገባ ታውቃላችሁ።

«ፍጹም ቀጥ ያለ ብረት የለም» አሉኝ። ትንሿ ጉብጠት ሲዞር ወደ ውጭ ትጎተታለች፣ በተጎተተች ቁጥር ይብስባታል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ጉተታው አራት እጥፍ ይሆናል። አምና ልጁ ፍጥነት ሲጨምር ነገሩ ድንገት የተበላሸው ለካ ለዚህ ነው።

ከስፒንድሉ ኋላ እንዳይወጣ አድርገው ቆረጡት። ስፒንድሉ ጀርባ ላይ ራሳቸው የሠሩት አራት ቡሎን ያለው ቀለበት አለ። በቡሎኖቹ ብረቱን መሀል ላይ ያቆሙታል፤ ቀዳዳው ውስጥ አይንገጫገጭም። የግድ መቆረጥ የሌለበት ረጅም ዘንግ ከመጣም ወለሉ ላይ በቡሎን የታሰረ ማቆሚያ ያለው ቱቦ አላቸው፤ ውስጡ ብረቱን ዙሪያውን የሚደግፍ የእንጨት ቀለበት (ቡሽ) ገብቶበታል። ያኔም ፍጥነት አይጨምሩም። ከኋላ ሰው እንዳያልፍ አሮጌ አግዳሚ ወንበር ይገትራሉ። እኔንም አንዴ ከዚያ ጋ በቁጣ አስነስተውኛል።

እውነቱን ለመናገር ሁለት ቀን አዘገዩኝ። ዋጋቸውም ትንሽ ወደድ ይላል። ግን ፒኖቹ አንድም ሳይቀር ገጠሙ። ትርፍራፊውንም በማዳበሪያ ከረጢት ቆጥረው መለሱልኝ፤ መቀርቀሪያ እየሠራሁበት ነው።