ባለ ዶሮ ራስ ማንቆርቆሪያ፦ ለመደርደሪያ አዎ፣ ለመቅጃ ግን አይሆንም

ባህር ዳር ካለ የስጦታ ዕቃ ሱቅ ቴሌግራም ላይ አይቼ በ4,800 ብር ያዘዝኩትን ማንቆርቆሪያ ብዙ ሰው በኢንቦክስ ስለጠየቀኝ እዚሁ ልጻፈው። አስተሻሸጋቸው አንደኛ ነው፣ ጭድ ውስጥ ቀብረው በአውቶቡስ ደብረ ማርቆስ ድረስ ላኩልኝ፣ ጫፉ እንኳ አልተነካም።

መልኩ በጣም ያምራል። ቱርኳይዝ (ሰማያዊ አረንጓዴ) ግሌዙ፣ ማለትም እንደ መስታወት የሚያብረቀርቀው ሽፋን፣ አንገቱ ላይ ሳሳ ብሎ ይጀምርና ወደታች እየወፈረ ሄዶ እግሩ ጋ ሳይደርስ ቆሞ ጠቆር ያለ ጠብታ ሰርቷል፣ ይሄን ነገር የድሮዎቹም ላይ ታዩታላችሁ። የድሮዎቹ ስል ኢራን ካሻን ከተማ እ.ኤ.አ. በ12ኛው መጨረሻና በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተሰሩትን ባለ ዶሮ ራስ ማንቆርቆሪያዎች ነው። እስላማዊ ጥበብ የሰውና የእንስሳ ምስል የለውም የምትሉ አላችሁ፣ መስጊድ ውስጥ ነው እንጂ የማይደረገው የቤት ዕቃው ላይማ ሞልቷል። ኒው ዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ያለውን እ.ኤ.አ. የ1215/16 ማሰሮ ፎቶውን ፈልጋችሁ እዩት፣ ውጭው እንዳለ ተፈልፍሎ የሴት ፊት ያላቸው ወፎችና ክንፋም አውሬዎች ወጥተውበታል፣ ፈሳሹን የሚይዘው ደሞ ውስጡ ያለው ሌላ ድፍን ዕቃ ነው። ያንን ያህል ተፈልፍሎም መያዣ መሆኑን አልረሱትም!

የኔው ላይ የከፋኝ መቅጃ መሆኑ መረሳቱ ነው። ውሃው የሚወጣበት የዶሮው ምንቃር ቀዳዳው ጠባብ ሆኖ ግማሹን ግሌዝ ደፍኖታል፣ ስትቀዱ ውሃው በአንገቱ ተመልሶ ይወርዳል። የኛ ጀበና ስንት ጊዜ ተቀድቶበት እንዲህ አያደርግም።

ሻጮቹ "አሰራሩ ልክ እንደ ጥንቱ ነው" ብለውኛል፣ አይደለም። ከስር ግሌዝ ያልነካውን ቦታ በጥፍሬ ፋቅ ሳደርገው ቀይ የሸክላ አቧራ ወጣ። የካሻኖቹ ገላቸው ነጭ ነው፣ ከነሱው የሸክላ ሰሪ ቤተሰብ የሆነው አቡል ቃሲም እ.ኤ.አ. በ1301 በጻፈው መሰረት 10 እጅ የተፈጨ ኳርትዝ (ነጭ ጠንካራ ድንጋይ)፣ 1 እጅ የመስታወት ዱቄት፣ 1 እጅ ነጭ ሸክላ ነው። ቀለሙ ከመዳብ ነው የሚመጣው፣ አልካሊ (ከተክል አመድ የሚገኝ ዓይነት ጨው) ያለው ግሌዝ ውስጥ ሲገባ ቱርኳይዝ ይሆናል፣ እርሳስ (መርዛማው ብረት፣ ሊድ) ያለው ውስጥ ግን አረንጓዴ ነው የሚወጣው።

እርሳስ ካነሳን አይቀር ግሌዙ መመርመሩን የሚያሳይ ወረቀት ስለሌለው ጠጅም ሆነ ሎሚ ያለው ነገር አትቅዱበት፣ ግሌዙ እርሳስ ካለው ኮምጣጣ ነገር ያወጣዋል፣ በተለይ ልጆች ያሉበት ቤት። ሱቁን "ለጌጥ ብቻ" ብላችሁ ጻፉበት ብያቸው እሺ ብለዋል፣ እስካሁን ግን አልተጻፈም፣ ለመደርደሪያ የምትፈልጉ ደሞ ዋጋውን ተከራከሩ፣ ለቀይ ሸክላ 4,800 በዝቷል።