ለልጄ የገዛናት ያሪስ፦ ከስምንት ወር በኋላ

ልጄ መንጃ ፈቃድ ባወጣች በሳምንቱ «እማዬ፣ መኪና» ማለት ጀመረች። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ የአሮጌውም ዋጋ አልቀመስ ብሏል። ቢሆንም ሚያዝያ ላይ በፈረንጆቹ የ2007 ሞዴል ያሪስ አገኘን (ሰፈሩ ሁሉ ቪትዝ ነው የሚላት)።

ከእሷ በፊት ያየናት እንደ መስታወት የምታበራ ነበረች። መካኒካችን ቁልፉን ከፈተና ዳሽቦርዱን አይቶ «ይቺን ይተዉአት፣ እናቴ» አለኝ። ለካስ ቁልፍ ሲከፈት የኤርባግ መብራት በርቶ መጥፋት አለበት፤ የዚያችኛዋ ጭራሽ አልበራም። ኤርባጉ ፈንድቶ ሳይተካ ሲቀር አምፖሉን ነቅለው ይሸጣሉ አሉ። የእኛዋ በራ፣ ጠፋ። የዚያ ዘመን ብዙ መኪኖች ታካታ የተባለው ፋብሪካ በሠራው ጉድለት ያለበት ኤርባግ ምክንያት ለጥገና ስለተጠሩ፣ ልጄ የሻሲ ቁጥሩን ድረ ገጽ ላይ አስገብታ አጣራች፤ ነጻ ነች። ይህ ያሪስ በፈረንጆቹ 2005 የመኪና ደህንነት በሚፈትነው የአውሮፓ ድርጅት፣ በዩሮ ኤንካፕ፣ የግጭት ፈተና 5 ኮከብ አግኝቷል፤ የዛሬው ፈተና ግን ከዚያ በጣም ይከብዳል።

ጎማዎቹ ጥርሳቸው ሙሉ ነበር። ጎናቸው ላይ ግን 2313 ይላል፦ በፈረንጆቹ 2013፣ በ23ኛው ሳምንት የተሠሩ! ሻጩ «አዲስ እኮ ነው» እያለ ይምላል። አራቱንም ቀየርን፤ አልቆጨኝም።

የልጄ መንገድ ከአራት ኪሎ በራስ መኮንን ድልድይ ፒያሳ፣ ከዚያ በቸርችል ቁልቁል ወደ ለገሃር ነው። ሐምሌ ላይ፣ በዝናብ፣ ፍሬኗ መጮህ ጀመረ። የፊት ሸራው ሙልጭ ብሎ አልቋል። ሸራውን ከሶማሌ ተራ ገዝተን፣ ማን እንደሞላው የማይታወቀውን የፍሬን ዘይትም አብረን አስቀየርን። ዘይቱ እርጥበት ይስባል፤ ቁልቁለት ላይ ሲግል ፔዳሉ ይላላል። ከዚያ ወዲህ ልጄ ቸርችልን የምትወርደው በሁለተኛ ማርሽ ነው።

ሞተሯ 1 ሊትር፣ ሦስት ሲሊንደር ነው። አራት ሰው ጭና ወደ እንጦጦ ስትወጣ ታቃስታለች፤ አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩም ስስ ነው። ልጄ ታፍርባታለች። እኔ ለዚሁ ነው የመረጥኳት፣ አልነገርኳትም እንጂ። በነዳጅ በኩል ቅሬታ የለንም።

እስካሁን የሚያናድደኝ የኋላ ወንበሩ ነው። የቀድሞው ባለቤት ባለጥልፍ ሽፋን አልብሶት የቀበቶው መቆለፊያ ከሥር ተቀብሮ ነበር። እኔ ራሴ በመቀስ ቀደድኩት። ሽፋኑ አስቀያሚ ሆኗል፤ ጓደኞቿ ግን አሁን ቀበቶ ያስራሉ።