ቦክስ 13ን ላነበቡልን ሴት ምስጋና፣ ለእናንተም ጥቆማ

የአሜሪካ ጦር ውስጥ ያገለገላችሁ፣ ወይም ያገለገለ ዘመድ ያላችሁ ወገኖች፣ እስቲ ዲዲ 214 የምትባለዋን የመሰናበቻ ወረቀት አውጡና ቦክስ 13ን አንብቡ። ሜዳሊያ፣ ሪባንና ባጅ የሚዘረዘረው እዚያ ነው። ከዚያ ወደ ቦክስ 18 ውረዱ። ሁለቱ የማይስማሙ ከሆነ ይህን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው አንብቡት።

የባለቤቴ አይስማሙም ነበር። ቦክስ 18 ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ኢራቅ አገልግሏል ይላል። ቦክስ 13 ላይ ግን የኢራቅ ዘመቻ ሜዳሊያ የሚል ነገር የለም። ወረቀቷ ከ2006 ጀምሮ እኛው ጋ ናት (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። ሥራ ሲቀጠር አሳይቷታል። ቤት ስንገዛም ለቪኤ (የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት) ብድር አቅርበናታል። ማንም ልብ ብሎ አያውቅም።

ልብ ያሉት እዚህ ኦሃዮ፣ በካውንቲያችን የቬተራን (የቀድሞ ወታደር) አገልግሎት ቢሮ የሚሠሩ አንዲት ሴት ናቸው። ምስጋናው ለእሳቸው ነው። ስማቸውን እንዳልጠቅስ ጠይቀውኛል። «ሰዉ እኔን ሳይሆን ቢሮውን ይፈልግ» ነው ያሉኝ። ቅር ቢለኝም እሺ ብያለሁ።

ባለቤቴ በዲቪ የመጣ ሰው ነው። ግሪን ካርዱ እጁ እንደገባ ብዙም ሳይቆይ፣ በ2003 ጦሩ ውስጥ ተቀጠረ። ሥራው ከባድ መኪና መንዳት ነበር። ከ2004 መጀመሪያ እስከ 2005 መጀመሪያ ከኩዌት ወደ ሰሜን፣ ኢራቅ ውስጥ እስካለችው ባላድ ድረስ ጭነት ሲያመላልስ ከረመ። ስለዚያ ዓመት ብዙ አያወራም። ቢሮው የሄደውም ሜዳሊያ ፍለጋ አልነበረም። ጆሮው ይጮኽበታል፣ እንቅልፍም እንደልብ የለውም። ለቪኤ ማመልከቻ የሚሞላለት ሰው ፈልጎ ነው።

ሴትዮዋ መጀመሪያ የጠየቁት ዲዲ 214ን ነው። አነባበባቸው ለየት ይላል። ከታች ጀምረው ወደ ላይ ይወጣሉ። እስክሪብቷቸውን ቦክስ 18 ላይ አቆሙ፣ ከዚያ 13 ላይ፣ ከዚያ ቀና ብለው ባለቤቴን አዩት። «ኮንቮያችሁ ተመትቶ ያውቃል?» አሉት። እሱም «አዎ» አለ፣ እንደ ተራ ነገር። እሳቸው ግን የጆሮውን ጉዳይ ለጊዜው ወደ ጎን አድርገው ሌላ ባዶ ፋይል ከፈቱ።

ወረቀቱ ለምን እንደጎደለ ያስረዱን መንገድ በጣም ነው ደስ ያለኝ፤ ማንንም ሳይወቅሱ ነበርና። ነገሩ የጊዜ ጉዳይ ነው። የኢራቅ ዘመቻ ሜዳሊያ በፕሬዚዳንቱ ትእዛዝ የተቋቋመው ኖቬምበር 29 ቀን 2004 ነው። ባለቤቴ ያኔ ግዳጁን ሊጨርስ ጥቂት ነበር የቀረው። ከዚያ በፊት ኢራቅ ለገቡት ይሰጥ የነበረው ‹ግሎባል ዋር ኦን ቴረሪዝም ኤክስፔዲሽነሪ› የሚባለው ሜዳሊያ ነው። የእሱም ወረቀት ላይ ያለው እሱ ነው። ውጊያ ለገጠመው ወታደር የሚሰጠው ኮምባት አክሽን ባጅ ደግሞ ሜይ 2 ቀን 2005 ነው የተቋቋመው። ባለቤቴ ያኔ ወደ አሜሪካ ተመልሶ ነበር። ከዚያ በፊት ለእግረኛ ወታደር የራሱ ባጅ አለው፣ ለሕክምና ባለሙያም የራሱ። ሾፌሩ፣ መካኒኩ፣ ወጥ ቤቱ ግን ቢተኮስበትም ደረቱ ላይ የሚያደርገው አልነበረውም። አዲሱ ባጅ ከሴፕቴምበር 18 ቀን 2001 ጀምሮ ወደ ኋላ ተመልሶ እንዲሠራ ተደረገ። ግን ወደ ኋላ ይሠራል ማለት በራሱ ይመጣል ማለት አይደለም። የሚጠይቅ ሰው ያስፈልጋል። ባለቤቴ በ2006 ሲሰናበት ወረቀቱን የሚሞላው ልጅ ፋይሉ ውስጥ ያገኘውን ገልብጦ ጻፈ። በቃ።

እዚህ ላይ ያልጠበቅነው ነገር መጣ። ሴትዮዋ «ይሄኛው ሲገባ ያኛው ይወጣል» አሉ። ለአንድ የአገልግሎት ጊዜ ኤክስፔዲሽነሪውንም የኢራቁንም መያዝ አይቻልም። እስከ ኤፕሪል 30 ቀን 2005 ድረስ ኢራቅ ያገለገለ ሰው ኤክስፔዲሽነሪውን በኢራቁ እንዲቀየርለት ማመልከት ይችላል፣ ምርጫው የራሱ ነው። ባለቤቴ ትንሽ አሰበና ኢራቅ የሚለውን መረጠ። «የነበርኩበት አገር ስም ይጻፍልኝ» ነው ያለው።

ቀጥሎ ሁሉንም በየፈርጁ ለዩት። እኔን የገረመኝ ለእያንዳንዱ የሚጠየቀው ማስረጃ መለያየቱ ነው። ለኢራቁ ሜዳሊያ ቦክስ 18 ራሱ ይበቃል ማለት ይቻላል። አሮጌ የደመወዝ ወረቀት ላይ የአደገኛ ቀጣና አበል ካለ ደግሞ ይደገፋል። አርሚ ኮሜንዴሽን ሜዳል (የጦሩ የምስጋና ሜዳሊያ) ግን የትእዛዝ ቁጥር ይፈልጋል። እሱን ሻንጣ ውስጥ አገኘነው፤ ሰርተፍኬቱም ትእዛዙም አብረው ነበሩ፣ ፋይሉ ውስጥ ሳይገቡ የቀሩ። ሻንጣችሁን ሳትፈትሹ ምንም አትጣሉ፣ እባካችሁ።

ባጁ ከሁሉም የከበደው ነው። ጥቃቱ መቼ፣ የት፣ እሱ ምን ያህል ቅርብ እንደነበር ማሳየት አለበት። የዓይን ምስክሮች በጽሑፍ የሰጡት ቃልም ይጠየቃል። ባለቤቴ የድሮ ባልደረቦቹን በፌስቡክ አፈላልጎ አገኛቸው። አንዱ ቴክሳስ ነው፣ ሌላው ጆርጂያ። ሴትዮዋ ሁለቱንም ደውለው አነጋገሩና አንድ ነገር አጥብቀው አሳሰቧቸው። «ተስማምታችሁ እንዳትጽፉ። እያንዳንዳችሁ ያያችሁትን ብቻ ጻፉ።» የባለቤቴን ደብዳቤ ደግሞ ቁጭ ብለው አረሙት። ‹ጀግንነት›፣ ‹አሰቃቂ›፣ ‹ፈጽሞ የማይረሳ› የሚሉትን እየሰረዙ ቀን፣ ሰዓት፣ የመንገዱን ስም፣ ስንተኛ መኪና ላይ እንደነበረ አስገቡ። ደብዳቤው ከገጽ ተኩል ወደ ግማሽ ገጽ ወረደ። እውነቱን ለመናገር ግማሿ ገጽ ናት ያስለቀሰችኝ።

ደግሞ አይሆንም ማለት ይችሉበታል። ባለቤቴ አንድ አዛዡ ያኔ በቃል ቃል የገባለት ከፍ ያለ ሜዳሊያ ነበር። እሱንስ አላቸው። ሳያንገራግሩ መለሱለት። የሽልማት ጥያቄው ያኔ በጽሑፍ ካልቀረበ አሁን የሚታረም መዝገብ የለም። ይህ እርማት አይባልም፣ አዲስ ሽልማት መጠየቅ ነው። የጊዜ ገደቡ ካለፈ በኋላ ደግሞ በኮንግረስ ተወካይ በኩል ነው የሚኬደው፣ ዋናውን ሐሳብ የሚያቀርበውም ነገሩን የሚያውቅ ሰው መሆን አለበት። «ከፈለግክ አሳይሃለሁ፣ ግን ቃል አልገባልህም» አሉት። እሱም ተወው። እኔ በበኩሌ ብዙ ሰው ደስ እንዲለን ብሎ ሲዋሸን ስለኖርን ይህን መልስ ወደድኩት።

ማመልከቻዎቹ ኬንታኪ ፎርት ኖክስ ወዳለው የጦሩ የሰው ኃይል ማዕከል ተላኩ። የሁሉንም ነገር ቅጂ ለእኛ ሰጡን። ዋናውን ወረቀት ለማንም እንዳንልክም አስጠነቀቁን፣ የሚላከው ኮፒ ነው። አንድ ነገር ግን በዚህ መንገድ አልሄደም፤ ጉድ ኮንዳክት ሜዳል። ሦስት ዓመት በመልካም ጠባይ ላገለገለ ይሰጣል ተብሎ ይታወቃል፣ ነገር ግን አዛዥ አጽድቆ ትእዛዝ ካልወጣበት ፋይል ውስጥ አይገባም። የባለቤቴ ትእዛዝ የለም። ስለዚህ ዲዲ 149 በሚባለው ፎርም ለጦሩ የመዝገብ ማረሚያ ቦርድ አመለከቱለት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚፈራው የሦስት ዓመት ገደብ አለ። ሦስቱ ዓመት የሚቆጠረው ግን ስህተቱ ከታወቀበት ቀን ነው። ቢያልፍም ቦርዱ ለፍትሕ ሲባል ሊያልፈው ይችላል። ዘግይቻለሁ ብላችሁ አትተዉት።

የቢሮው መጠበቂያ ቦታ ላይ አንድ የኮሪያ ዘማች ሽማግሌ አገኘን። ኮሪያ ሲባል እኛ ቃኘው ነው ትዝ የሚለን። ባለቤቴ ይህንን ሲነግራቸው ሽማግሌው ብድግ ብለው እጁን ጨበጡት፤ ቃኘው ከአሜሪካኖቹ 7ኛ ክፍለ ጦር ጋር መዝመቱን ያውቃሉ። የእሳቸው ችግር ከእኛ ይብሳል። ጁላይ 12 ቀን 1973 ሴንት ሉዊስ ያለው የወታደር መዝገብ ማዕከል ተቃጥሎ ከ16 እስከ 18 ሚሊዮን ፋይል ጠፍቷል። ከ1960 በፊት ከጦሩ ከተሰናበቱት ውስጥ 80 በመቶ ገደማ የሚሆኑት ፋይላቸው የለም። ያም ሆኖ ከደመወዝ ሰነድና ከየክፍሉ የጠዋት ሪፖርት እየተለቀመ መዝገባቸው እንደገና ይሠራል። ሴትዮዋ የሽማግሌውንም ጉዳይ ይዘውታል። አባቱ ወይም አማቱ በዚያ ዘመን ያገለገለ ካለ ተቃጥሏል ተብሎ ተስፋ አይቁረጥ።

ገንዘብን በተመለከተ አጭር ነገር ልበል። ለዚህ ሁሉ አንድ ሳንቲም አልከፈልንም። የቬተራን ፋይል ከመዝገብ ማዕከሉ በአብዛኛው በነፃ ነው የሚገኘው፣ በናሽናል አርካይቭስ ድረ ገጽ ራሳችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ። ቬተራኑ ራሱ ካረፈ ዳግም ያላገባች ሚስት፣ እናት፣ አባት፣ ልጅ፣ እህትና ወንድም መጠየቅ ይችላሉ። ኢንተርኔት ላይ ግን «በፍጥነት እናወጣላችኋለን» እያሉ ዳጎስ ያለ ገንዘብ የሚጠይቁ አሉ። እነሱም የሚሞሉት ያንኑ ፎርም ነው።

ውጤቱስ? ዲዲ 215 የምትባል አንዲት ገጽ መጣች። ዲዲ 214 ብዙውን ጊዜ እንደገና አይጻፍም፤ 215 የእርማቱ ወረቀት ናትና ሁልጊዜ ከ214 ጋር አያይዛችሁ ነው የምታቀርቡት። የኢራቅ ዘመቻ ሜዳሊያ ከሁለት የነሐስ ኮከቦች ጋር ገብቷል። ሁለት የሆነው ጁን 28 ቀን 2004 ሥልጣን ለኢራቃውያን ከመተላለፉ በፊትም በኋላም እዚያ ስለነበረ ነው። (የነሐስ ኮከብ ሲባል ‹ብሮንዝ ስታር› የተባለው ትልቁ ሜዳሊያ መስሏቸው እንኳን ደስ ያላችሁ ያሉን ዘመዶች ነበሩ። እሱ ሌላ ነው። ባለቤቴ ለእያንዳንዳቸው እየደወለ ሲያስተባብል ዋለ።) ኮሜንዴሽኑ ገብቷል። ኮምባት አክሽን ባጁም ጸድቋል። የጉድ ኮንዳክቱ ጉዳይ ገና ቦርዱ ጋ ነው። ሕጉ አብዛኛው ጉዳይ በ10 ወር፣ ሁሉም ደግሞ በ18 ወር ውስጥ እንዲያልቅ ያዛል፣ ስለዚህ እየጠበቅን ነው።

ምን ይጠቅማል የምትሉ ትኖራላችሁ፤ አማቴም ያሉት ይህንኑ ነው። ሜዳሊያ ደመወዝ አይጨምርም። ግን የዘመቻ ሜዳሊያ ያለው ሰው ለፌዴራል ሥራ ሲወዳደር የ5 ነጥብ ቅድሚያ ሊያሰጠው ይችላል። የውጊያ ባጅ ደግሞ ቪኤ ዘንድ ዋጋ አለው፤ መዝገቡ ላይ ውጊያ ከታየ የቬተራኑ የራሱ ቃል ክብደት ያገኛል፣ ሌላ ማስረጃ ፍለጋ መንከራተቱ ይቀንሳል። የባለቤቴ የጆሮና የእንቅልፍ ማመልከቻ የገባው ባጁ ከጸደቀ በኋላ ነው፣ እሳቸው ሆን ብለው ቅደም ተከተሉን እንዲህ አደረጉት። ይህንን ያስተዋልነው ዘግይተን ነው።

እንከን የላቸውም አልልም። ስልክ ቶሎ አያነሱም። ኢሜይል ሲመልሱ ሁለት ቃል ነው። ሲያብራሩም ምህጻረ ቃል ስለሚያበዙ ባለቤቴ ባይኖር ኖሮ እኔ ግማሹን አልሰማም ነበር። ራሳቸው ባሕር ኃይል ውስጥ ያገለገሉ ናቸው፣ የወታደር አነጋገር አልለቀቃቸውም።

ኦሃዮ ውስጥ ላላችሁ፣ 88ቱም ካውንቲ እንዲህ ያለ ቢሮ አለው። ሚኒሶታም በ87ቱም ካውንቲ አለ። ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ያላችሁ በስቴቱ የቬተራን መሥሪያ ቤት በኩል ታገኛላችሁ። የሚያግዛችሁ ሰው በቪኤ ዕውቅና ያለው መሆኑን አረጋግጡ፣ የቪኤ ድረ ገጽ ላይ ስም አስገብቶ መፈለግ ይቻላል። ስትሄዱ ‹ሜምበር 4› የተባለውን የዲዲ 214 ቅጂ ያዙ፤ አጭሩ ቅጂ ስለ አሰነባበታችሁ ሁኔታ የሚናገረው ክፍል የለበትም፣ መልሰው ይልኳችኋል። የእኛ ካውንቲ ነዋሪ ከሆናችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝና የቢሮውን አድራሻ እልክላችኋለሁ። በር ሲከፈት ድረሱ፣ ከምሳ በኋላ ወረፋው አይቻልም።