ለአፍ ቁስል ሕመም የትኛው ይሻላል? ማደንዘዣ ጄል፣ የስቴሮይድ ፔስት ወይስ መጉመጥመጫ

ለአፍ ቁስል የሚሸጡ ብዙዎቹ ቅባቶችና ጄሎች ማሸጊያቸው ላይ «ሕመም ያስታግሳል» የሚል አለባቸው። ሥራቸው ግን አንድ አይደለም። አንዱ ቦታውን ያደነዝዛል፣ አንዱ ቁስሉን ይሸፍናል፣ ሌላው ደግሞ መቆጣቱን አብርዶ ቶሎ እንዲድን ያግዛል። ስለዚህ ሲገዙ የንግድ ስሙን ይተዉትና ጀርባው ላይ የተጻፈውን ንጥረ ነገር ያንብቡ።

ይህ ንጽጽር የሚመለከተው የተለመደውን ቁስል ነው፤ ከንፈር ወይም ጉንጭ ውስጥ አለዚያም ምላስ ጠርዝ ላይ ይወጣል፣ መሃሉ ነጣ ወይም ቢጫ ይላል፣ ዙሪያው ይቀላል፣ ስፋቱም ከ10 ሚሊ ሜትር ያንሳል። ምንም ባይደረግለት አብዛኛውን ጊዜ ከ7 እስከ 14 ቀን ውስጥ ይድናል። ከንፈር ላይ በውጭ በኩል ውሃ ቋጥሮ የሚወጣው፣ ብዙዎች ምች የሚሉት፣ በሄርፒስ ቫይረስ የሚመጣ ሌላ ችግር ነው።

ማደንዘዣ ጄል

ሊዶኬይን (2 በመቶ) ወይም ቤንዞኬይን (ከ10 እስከ 20 በመቶ) ያለበት ጄል በፍጥነት የሚያስታግሰው ነው። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ያደነዝዛል፤ ምራቅ ስለሚያጥበው ግን ግማሽ ሰዓት እንኳ ላይቆይ ይችላል። ቁስሉን አያድንም። ጥቅሙ የሚታየው ማኘክ ለከበደው ሰው ነው፤ ከምግብ ጥቂት ደቂቃ ቀደም ብሎ በጥጥ ጫፍ ትንሽ ወስዶ ቁስሉ ላይ ብቻ ማስነካት ይበቃል። አብዝተው ከቀቡት ምላስና ጉንጭም ይደነዝዛሉ፤ ያኔ ሳይታወቅ ጉንጭን መንከስ ወይም በትኩስ ነገር መቃጠል ይመጣል። ወደ ጉሮሮ ከወረደ ደግሞ ምግብ ትን ሊል ይችላል።

ቤንዞኬይን ከ2 ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት ፈጽሞ አይሰጥም፤ ደም ኦክስጅን የመሸከም አቅሙን የሚያጣበት አደገኛ ሁኔታ ሊያስከትል ይችላል። ጥርስ ለሚያበቅል ሕፃን ሊዶኬይንም አይቀባም። ኮሊን ሳሊሲሌት ያለበት ጄል ከአስፕሪን ቤተሰብ ስለሆነ ከ16 ዓመት በታች ላሉ አይመከርም።

የስቴሮይድ ፔስት

ቁስሉ የሚቆይበትን ጊዜ ለማሳጠር ከተፈለገ ምርጫው ትራያምሲኖሎን የተባለ መቆጣትን የሚያበርድ ስቴሮይድ 0.1 በመቶ ያለበት፣ አፍ ውስጥ እንዲጣበቅ የተሠራ ፔስት ነው። ለቆዳ የሚሸጠው የስቴሮይድ ክሬም አይተካውም፤ እርጥብ ቦታ ላይ አይጣበቅም። ቁስሉ ሊወጣ ሲል፣ ገና ማቃጠልና መቆጥቆጥ ሲጀምር ከተቀባ ውጤቱ የተሻለ ነው። አንድ ሳምንት ካለፈው በኋላ መግዛት ብዙም አይጠቅም።

ብዙ ሰው «አልሠራልኝም» የሚለው አቀባቡ ላይ ስለሚሳሳት ነው። መጀመሪያ ቁስሉን በንጹሕ ፋሻ ጫፍ ጠቅ ጠቅ አድርገው ያድርቁ። ከዚያ ትንሽ ፔስት ጣት ላይ አድርገው ይጫኑት፤ አይሹት። ከተሸ እንደ አሸዋ ይፈረፈርና ይረግፋል፤ ሲጫኑት ግን ለስላሳ፣ የሚያዳልጥ ስስ ሽፋን ይሆናል። ከምግብ በኋላ በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ ይቀባል። በቀን አንዴ ብቻ የሚመችዎ ከሆነ የመኝታ ሰዓትን ይምረጡ፤ ሌሊት ምራቅ ስለሚቀንስና ስለማይበላ መድኃኒቱ ረጅም ሰዓት ይቆያል። ለሄርፒስም ሆነ በፈንገስ ለሚመጣ ነጭ ሽፋን አይቀባም፤ ያባብሳቸዋል። በ7 ቀን ካልተሻለ መታየት ያስፈልጋል።

መጉመጥመጫ

ቁስሉ ከአንድ በላይ ከሆነ ወይም ጣት የማይደርስበት ቦታ ከወጣ መጉመጥመጫ ይሻላል። እዚህም ሁለቱን ለይተው ይወቁ። ቤንዚዳሚን 0.15 በመቶ ሕመም ያስታግሳል፤ 15 ሚሊ ሊትር ለ20 እስከ 30 ሰከንድ ተጉመጥምጦ ይተፋል። ካቃጠለ በእኩል ውሃ ይቀጠናል። ክሎርሄክሲዲን 0.2 በመቶ ግን በዋናነት የሚሠራው ባክቴሪያን መቀነስ ነው፤ 10 ሚሊ ሊትር ለ1 ደቂቃ፣ በቀን 2 ጊዜ። ሳምንታት ከቀጠለ ጥርስን ያጠቁራል፣ ሻይና ቡና ያበዙበታል። ጥርስ ተቦርሾ ወዲያው ከተወሰደም የጥርስ ሳሙናው ኃይሉን ያደክመዋል፤ 30 ደቂቃ ይጠብቁ። ከሁለቱም አልኮል የሌለበትን ቢመርጡ ማቃጠሉ ይቀንሳል።

ሃያሉሮኒክ አሲድ ያለበት መከላከያ ጄል ቁስሉን ከምግብና ከጥርስ ፍትጊያ ይሸፍናል። የጥርስ ማስተካከያ ሽቦ ለሚፈትጋቸው ደህና ምርጫ ነው።

ለአንድ ወይም ለሁለት ቁስል የእኛ ምርጫ ቀን ከምግብ በፊት ሊዶኬይን፣ ሌሊት ትራያምሲኖሎን ነው። ሁለቱን በአንድ ጊዜ አይደራርቡ፤ ጄሉ ያረጠበው ቦታ ላይ ፔስቱ አይይዝም። የአስፕሪን ክኒን ቁስል ላይ ማስቀመጥ ግን ፈጽሞ አይደረግ፤ ሥጋውን ያቃጥላል።

ቁስሉ በየጊዜው የሚመላለስ ከሆነ ሶዲየም ላውሪል ሰልፌት (አረፋ የሚያስወጣው ንጥረ ነገር) የሌለበት የጥርስ ሳሙና ይሞክሩ፤ የብረት፣ የቫይታሚን ቢ12 እና የፎሌት እጥረት እንዳለም በደም ምርመራ ይታያል። ከ3 ሳምንት በላይ የቆየ፣ ዙሪያው የጠጠረ ወይም ትኩሳት ያለበት ቁስል፣ ባያምም እንኳ፣ ጄል እየቀቡ የሚጠብቁት አይደለም፤ ሐኪም ወይም የጥርስ ሐኪም ይየው።